እድሩ አለ፤ የታመመው ግን ውጭ ነው፦ «የድጋፍ ቡድን አያስፈልገንም» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በፌስቡክና በቴሌግራም ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔም ከዘመድም ከጓደኛም ደርሶኛል። አንዳንዶቹ «አንብቢው፣ እውነቱን ነው» ብለው ነው የላኩልኝ። የሚያወራው ስለ አእምሮ ሕመም፣ ስለ አካል ጉዳትና በየሰፈሩ መቋቋም ስለጀመሩ የድጋፍ ቡድኖች ነው። ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ነው፤ ሰው የወደደውም ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ግን በአብዛኛው አልተስማማሁም። ዝም ማለትም አልቻልኩም። ታላቅ ወንድሜ ስኪዞፍሬንያ ከሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ጋር ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉ የሚያወራው ስለ እሱና ስለ እኛ ቤት ነው።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የአእምሮ ሕመም ከፈረንጅ ኑሮ ጋር የመጣ ነው፣ አያቶቻችን አያውቁትም ነበር ይላሉ። አካል ጉዳትና የአእምሮ ሕመም የማይገናኙ ነገሮች ናቸው፣ የአካል ጉዳተኛ ችግር የዊልቸርና የደረጃ ጉዳይ ነው ይላሉ። እድር፣ ማኅበርና ጎረቤት ያለው ሕዝብ የድጋፍ ቡድን ምን ያደርግለታል ብለው ይጠይቃሉ። የታመሙ ሰዎች ተሰብስበው ስለ ሕመማቸው ቢያወሩ ይብስባቸዋል ብለውም ያስጠነቅቃሉ። በመጨረሻ፣ መድኃኒቱ ሰውን ከማደንዘዝ ሌላ የሚፈይደው ስለሌለ ጸበል የገባ ሰው ይተወው ይላሉ። አብዛኛው ውስጥ ትንሽ እውነት አለ፤ እሷንም እየጠቀስኩ እሄዳለሁ።

«አያቶቻችን አያውቁትም ነበር» ከሚለው ልጀምር። ጸሐፊው እዚያው ጽሑፍ ላይ፣ ትንሽ ዝቅ ብለው፣ ድሮ አእምሮው የታወከ ሰው ሲኖር ዘመድ ተረባርቦ ጸበል ይወስደው እንደነበር እያደነቁ ይጽፋሉ። ሕመሙ ካልነበረ ጸበል የሚወሰደው ማን ነበር? በየጸበሉ ቦታ በሰንሰለት ታስረው የምናያቸው ሰዎች ነገር የዛሬ ብቻ አይደለም። በብራና በሚጻፈው ክታብ ላይ ባርያና ሌጌዎን የሚባሉ አጋንንት እየተጠሩ የሚገዘቱት፣ የሚጥል በሽታና የአእምሮ መታወክ ሰዉን ያስጨንቀው ስለነበረ ነው። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልም የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ያኔ ፌስቡክ አልነበረም፣ ኮንዶሚኒየም አልነበረም።

ገጠሩንም ማየት ይቻላል። ቡታጅራ ዙሪያ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በተካሄደ ጥናት ጠያቂዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ከ68 ሺህ በላይ ሰው አነጋግረዋል። አብዛኛው ገበሬ ነው፤ እንሰት፣ በርበሬና ጫት የሚያመርት ሕዝብ። እዚያም ስኪዞፍሬንያ ተገኘ፣ ስሜትን ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ባይፖላር የሚባለው ሕመምም ተገኘ። ከተገኙት ሕመምተኞች አብዛኞቹ ደግሞ ከዚያ በፊት ሕክምና አግኝተው አያውቁም። የፈረንጅ ኑሮ ያመጣው ነው ከተባለ እዚያ ጓሮ ድረስ እንዴት ደረሰ?

አንድ ነገር ግን እቀበላለሁ። ውጭ አገር የተዘጋጀ መጠይቅ የእኛን ሰው ሁልጊዜ አያገኘውም። እኛ ጋ ሰው ሲጨነቅ «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ይወጋኛል፣ እንቅልፍ አጣሁ» ብሎ ነው ጤና ጣቢያ የሚሄደው። ይህን ያልተረዳ ባለሙያ ማስታገሻ ሰጥቶ ይሸኘዋል። ጦርነት፣ መፈናቀልና የኑሮ ውድነት ጭንቀቱን አባብሰውታል መባሉም ልክ ነው።

ሁለተኛው፣ አካል ጉዳትና የአእምሮ ሕመም አይገናኙም የሚለው ነው። ሕጉ እንዲህ አይልም። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል፣ የአእምሮና የስሜት ሕዋሳት ጉዳትን ሦስቱንም ያነሳል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የአእምሮ ጉዳትን ይጨምራል።

ሕጉን ትተን ኑሮውን እንየው። መስማት የተሳናት ወጣት ድብርት ያዛት እንበል። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የለም። የሚያስተረጉምላት ወንድሟ ነው፣ ወይም እናቷ። ታዲያ የሚያስጨንቃት እዚያው ቤት ውስጥ ያለ ነገር ቢሆንስ? በእናቷ አፍ እንዴት ትነግረዋለች? ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ደግሞ ሁለት ዓይነት ክኒን ይሰጠዋል፤ የቱ የጠዋት፣ የቱ የማታ እንደሆነ ሽፋኑን የሚያነብለት ይፈልጋል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ሊፍት የሌለው ክሊኒክ በዊልቸር ለሚሄድ ሰው ዝግ ማለት ነው። የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመቹ እንዲሆኑ አዝዞ ነበር፤ ከተማችንን ዞር ብሎ ያየ ግን ምን ያህሉ እንደተፈጸመ ያውቃል። ስለዚህ ጸሐፊው «የደረጃ ጉዳይ ነው» ያሉት ራሱ የአእምሮ ጤና ጉዳይ ሆኖ ይመጣል። ሐኪሙ ዘንድ መውጣት ያልቻለ ሰው አይታከምም።

አካል ጉዳተኛ ሁሉ ጭንቀታም ነው ማለት እንዳልሆነም ላስምርበት። የትነበርሽ ንጉሤ ዓይነ ስውር ናት፤ ሕግ ተምራ፣ የአካል ጉዳተኞች ድርጅት አቋቁማ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። ሰዉን የሚያሳምመው ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ሳይሆን የሚደርስበት መገለል ነው። ጸሐፊው አካል ጉዳተኛን በአዘኔታ ብቻ ማየት ይብቃ ማለታቸውን እደግፋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ወደ እድር። ብዙ ሰው ጽሑፉን ያጋራው በዚህ ምክንያት ነው። «እድር እያለን የምን የድጋፍ ቡድን» የሚለው አባባል ኩራታችንን ይነካል፤ እኔም በእድር እኮራለሁ። አባቴ ሲሞት እድራችን ድንኳን ተከለ፣ ወንበርና ድስት አመጣ፣ ሴቶቹ ተራ ገብተው እንጀራ ጋገሩ፣ ወንዶቹ አብረውን አደሩ። እናቴ ያን ሰሞን አንድም ሌሊት ብቻዋን አላደረችም። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ግን እድር እንዴት እንደሚሠራ እናስበው። ወርሃዊ መዋጮ አለ። ሰው ሲሞት ይወጣል። ቀብር ያልተገኘ ይቀጣል፣ ስብሰባ የቀረ ይቀጣል። ቅጣቱ ሲደራረብና መዋጮው ሲቋረጥ ስሙ ይሰረዛል። ደንቡ ክፉ አይደለም፤ ሁሉም ካልተሳተፈ እድር አይቆምም። ታዲያ መሳተፍ የማይችለው ማን ነው? ከባድ ድብርት የያዘው ሰው ከአልጋው መውረድ አቅቶት ይቀራል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ያላት እናት ልጇን የምትተውለት ሰው አጥታ ትቀራለች። መስማት የተሳነው ሰው ጡሩንባው ሲነፋ አይሰማም። በዊልቸር የሚሄደው በሐምሌ ጭቃ መቃብሩ ድረስ መድረስ አይችልም። ሥራ ያጣው መዋጮው ያቅተዋል። እድር የቆመው በመሳተፍ ላይ ነው፤ ድጋፍ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ መሳተፍ ያቃተው ነው።

እኛ ቤት ይህ ሆኗል። ወንድሜ ሕመሙ በጠናበት ጊዜ እናቴ ቤቱን ጥላ መውጣት አትችልም ነበር። ለቅሶ ትቀራለች። ቅጣት ተላከባት። አፍራ ምክንያቷን አልተናገረችም፤ ዝም ብላ ከፈለች። ለምን አፈረች? ለእህቴ የመጣው ጋብቻ «ቤተሰቡ ውስጥ እብደት አለ» ተብሎ እንዳይፈርስ ፈርታ ነው። ጎረቤት ደግሞ ወንድሜ ጮክ ብሎ ሲናገር እየሰማ ልጆቹን ወደ ቤት ያስገባል። «ቡና ጠጡ» መባባሉ ቀስ በቀስ ቀረ። ማንም አልተጣላንም፣ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረንም። ሰው ምን ማለት እንዳለበት አላወቀም፤ እኛም ምን ብለን እንደምንጠይቅ አላወቅንም። አባቴ ሲሞት ቤታችንን የሞላው ያ ሁሉ ሰው፣ ወንድሜ ሲታመም የት ሄደ ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ቀላል ነው። ለሞት ደንብ አለን፤ ለዚህ ግን ደንብ የለንም።

የድጋፍ ቡድን የሚባለው ይህን ክፍተት ነው የሚሞላው። እኔ የምሄድበት ቡድን የጀመረው የሕክምና ቀጠሮ ስንጠብቅ አግዳሚ ወንበር ላይ በተዋወቅን ቤተሰቦች ነው። ስልክ ተለዋወጥን፣ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መገናኘት ጀመርን። ፈረንጅ የለበትም፣ በጀት የለበትም። ቡና ይፈላል። አንዷ መድኃኒቱ የት ፋርማሲ እንደተገኘ ትናገራለች፤ ሌላው ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ልጁን እንዴት እንዳረጋጋው ያወራል። አንድ ሰው ሲደክም ሌላው ሄዶ ከታማሚው ጋር ግማሽ ቀን ይቀመጥለታል። ለእናቴ ከሁሉም የጠቀማት ይህ የመጨረሻው ነው። ያን ግማሽ ቀን ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች። ማለትም ቡድኑ እናቴን ወደ እድሯ መለሳት። ጸሐፊው የሚፈሩት ቡድን እድርን ይተካል ብለው ነው፤ እኛ ጋ የሆነው ግን ሌላ ነው።

እድርም ቢሆን ሊለወጥ ይችላል፣ ተለውጦም ያውቃል። ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት በገባበት ዘመን የቀብር ብዛት ያስጨነቃቸው ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች አልጋ ላይ የዋለውን መጠየቅና ወላጆቹ የሞቱበትን ልጅ መርዳት ጀምረው ነበር። ዛሬም በጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጅ አውጥቶ «ቤቱ ውስጥ የሚያስታምመው ሰው ያለ አባል ከቀብር ቅጣት ነፃ ይሁን፣ መስማት ለተሳነው አባል መልእክት በስልክ በጽሑፍ ይላክለት፣ የታመመ አባል ቤት በየወሩ ሁለት ሰው ይሂድ» ብሎ ሐሳብ ማቅረብ ይቻላል። ድንኳን ከመግዛት ብዙ ያነሰ ወጪ ነው የሚጠይቀው። ጸሐፊው እድርን እንዲህ ስለሚወዱ ይህን ሐሳብ በየእድሩ እንዲያነሱልን ብጠይቃቸው ደስ ይለኛል።

በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ትችታቸው ልክ ነው። በሆቴል አዳራሽ ስልጠና ተሰጥቶ፣ አበል ተከፍሎ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚበተን «የድጋፍ ፕሮጀክት» አለ። ገንዘቡ ሲያልቅ ቡድኑም ያልቃል። ይህን እኛም አንወደውም። ግን ኒያ ፋውንዴሽንንም እናስታውስ። ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ሲያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በዚሁ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ያ ማዕከል የተነሳው ከአንዲት እናት ችግር ነው። ከእሳቸው በኋላ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም ተከፍቷል። ያኔ «ጎረቤት ይበቃል» ተብሎ ቢታለፍ ኖሮ፣ ብዙ ልጆች ዛሬም በር ተዘግቶባቸው ይውሉ ነበር።

አራተኛው፣ «የታመሙ ሰዎች ቢሰበሰቡ ይብስባቸዋል» የሚለው ነው። ስሜቱ ይገባኛል። ሐዘን ይጋባል የሚል ፍራቻ አለን። ግን ይህን አንዴ አይተነዋል። መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉት፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎች ያቋቋሟቸው ማኅበራት ሲጀመሩ ሰው ምን ይል እንደነበር በዚያ ዘመን የነበረ ያስታውሳል። እነዚያ ሰዎች ተሰብስበው አልከሰሙም። አደባባይ ወጥተው ስማቸውንና ፊታቸውን አሳዩ፣ ሌላው እንዲመረመር አደፋፈሩት።

ጥናቱም ይህን ነው የሚያሳየው። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው 166 ሰዎች ጋር ሙከራ ተደርጎ ነበር። ግማሾቹ ጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ሕክምና ብቻ አገኙ። ለሌሎቹ ደግሞ፣ ከሕክምናው በተጨማሪ፣ የጤና ባለሙያ ያልሆኑ ግን የሠለጠኑ ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ደገፏቸው፤ ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩ፣ የአካባቢውን ሰው አስተባበሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሁለተኛዎቹ የዕለት ኑሯቸውን በመምራት ረገድ ተሽለው ተገኙ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ዚምባብዌ ውስጥ ደግሞ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 በዋና ከተማዋ ሐራሬ የሚኖሩ አያቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። የተጨነቀ ሰው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ያወራል፣ ችግሩን አንድ በአንድ አብረው ያዩታል። ከዚያም የቡድን ስብሰባ አለ፤ እያወሩ ቦርሳ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት በዚህ መንገድ የተደገፉት፣ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ ድብርታቸው መቅለሉን አሳይቷል። አያት፣ ወንበርና ወሬ። ከዚህ በላይ ለእኛ የቀረበ ነገር ምን አለ?

ሁሉም ስብሰባ ጥሩ ነው አልልም። አንድ ሰው ብቻ የሚያወራበት፣ ሚስጥር የማይጠበቅበት፣ ወይም ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ሲኖር ሐኪም ዘንድ ከመውሰድ ይልቅ ምክር ብቻ የሚሰጥበት ቡድን ይጎዳል። እንዲህ ያለውን ካያችሁ ውጡ። ጥሩውን የት እናግኘው ለምትሉኝ፣ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥበት ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ባለሙያውን «የቤተሰብ ቡድን አለ ወይ» ብላችሁ ጠይቁ። የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች ማኅበር አለ፤ የዓይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበራትም አሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቋት፤ በሰፈሩ ውስጥ ከእናንተ ሌላ ማን ቤት ተመሳሳይ ችግር እንዳለ ብዙ ጊዜ ታውቃለች። ስሙን ባትነግራችሁ እንኳ የእናንተን ስልክ ልትሰጥላችሁ ትችላለች።

የመጨረሻው ላይ ግን ቀልድ የለም። መድኃኒትና ጸበል።

ጸበልን አልነቅፍም። እናቴ ጸበል ትሄዳለች፣ ወንድሜም ይጠመቃል፤ ሲመለስ ረጋ ብሎ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። እምነት፣ ጸሎት፣ አብሮ የሚያድር ሰው፤ እነዚህ ሁሉ ይጠቅማሉ። መድኃኒቱ ያደክማል የተባለውም እውነት ነው። የቀድሞዎቹ መድኃኒቶች እጅ ያንቀጠቅጣሉ፣ ያስተኛሉ፣ የሚያወፍሩም አሉ። ወንድሜ በአንዱ በጣም ተቸግሮ ነበር። ሐኪሙ ሲነገረው መጠኑን ቀነሰለት፣ በኋላም ቀየረለት። ማድረግ ያለብን ይህን ነው፤ መናገር።

«ይተወው» የሚለው ግን ሰው ይጎዳል። ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በድንገት ሲያቆም ሕመሙ የሚመለስበት ዕድል ሰፊ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ካቆመ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሚመለስ ቤተሰብ ምክንያቱን አያገናኘውም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ባንዴ ካቋረጠ ደግሞ የማያባራ መንዘፍዘፍ ሊይዘው፣ ሊሞትም ይችላል። ይህ የአመለካከት ልዩነት አይደለም።

ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን እንዲህ ብላ አታስገድድም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከጸበሉ ጎን ለጎን መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። ለኤች አይ ቪ የተፈቀደ ለአእምሮ ሕመም የሚከለከልበት ምክንያት የለም። ጸበሉ በባዶ ሆድ የሚጠጣ ከሆነና መድኃኒቱ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ከሆነ ሰዓቱን ማስማማት ይቻላል፤ ለሐኪሙም ለአጥማቂውም መንገር ነው። እኛ ቤት እንዲህ ነው የሚደረገው።

ስለዚህ ጸሐፊውን አንድ ነገር እለምናለሁ። ስለ እድር፣ ስለ አያቶቻችን፣ ስለ ድጋፍ ቡድን የጻፉትን እንዳለ ይተዉት፤ እንከራከርበታለን። «መድኃኒቱን ይተው» የሚለውን ግን ከጽሑፉ ላይ ያውጡት። ጽሑፉን ያጋራችሁ ደግሞ ለማን እንደላካችሁት ታውቃላችሁ። ከተላከላቸው ውስጥ መድኃኒት የሚወስድ ወይም የሚወስድ ልጅ ያለው ሰው ካለ፣ ዛሬ ደውሉለትና ሐኪሙን ሳያነጋግር እንዳያቆም ንገሩት።